ያቺን ቁራሽ መናፈሻ ተዉልን

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ደሴ ላይ መነጋገሪያ ሆኖ ሰንብቷል። ጸሐፊው የሚያነሡት ከተማው መሃል፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ደጃፍ ስላለችው ትንሽ መናፈሻ ነው። ክሳቸው ረጅም ነው። ቦታዋ ትንሽ ስለሆነች መናፈሻ ለመባል አትበቃም ይላሉ። ሥራ ፈት ይውልባታል። ቆሻሻ ናት። ከአስተዳደር ቢሮዎች አጠገብ በመሆኗ ለጸጥታ ታሰጋለች፤ ለዚህም የኢስታንቡሉን ጌዚ ፓርክ ይጠቅሳሉ። ሣር ላይ ተቀምጦ መዋል የፈረንጅ ልማድ እንጂ የእኛ አይደለም። ደሴ ደግሞ የጦሳን ተራራ ተደግፋ የተቀመጠች ከተማ ስለሆነች አረንጓዴ አልጠማትም። ስለዚህ ቦታዋ በሊዝ ትውጣ፣ ሕንፃ ይቁምባት። ሕዝቡ መናፈሻ ካማረው ከከተማ ወጣ ብሎ፣ እንደ አዲስ አበባው አንድነት ፓርክ ያለ ሰፊና የታጠረ ፓርክ ይሠራለት። ሐሳባቸው ይኸው ነው።

ጽሑፉ ስድብ የለበትም፤ ይህን ወድጄላቸዋለሁ። አጻጻፋቸውም ለዛ አለው። ግን ከደረደሩት ሁሉ የምስማማበት አንድ ነገር ቢኖር ቆሻሻው ነው። በቀረው አልስማማም። ተራ በተራ ልሂድበት፤ በእሳቸው ቅደም ተከተል ግን አይደለም። መጀመሪያ እዚያች ቦታ ላይ የሚቀመጠው ማን እንደሆነ እንነጋገር፤ የቀረው ሁሉ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ደሴ የደቡብ ወሎ ዞን መቀመጫ ናት። ከደላንታ፣ ከሳይንት፣ ከወግዲ፣ ከከለላ፣ ከጃማ፣ ከወረባቦ ጉዳይ ያለው ሰው ዞሮ ዞሮ እዚህ ይመጣል። ይግባኝ ያለው ይመጣል። የመሬት ክርክር ያለው ይመጣል። ጡረታው የተቋረጠበት፣ ዝውውር የጠየቀ መምህር፣ ካሳ የሚጠብቅ ገበሬ ይመጣል። ከመካነ ሰላም የሚነሣ ሰው ዋዜማውን ገብቶ አልጋ ይዞ ያድራል። ጠዋት ቢሮ ሲከፈት በሩ ላይ ነው። "ኃላፊው ስብሰባ ገብተዋል፣ ከሰዓት ተመለስ" ይባላል።

ከሰዓት እስኪሆን ይህ ሰው የት ይሁን?

ካፌ እንዳይቀመጥ በየሰዓቱ አንድ ነገር ማዘዝ አለበት። አስተናጋጇ ብርጭቆውን አንስታ ጠረጴዛውን መወልወል ስትጀምር ተነሥ ማለቷ እንደሆነ ይገባዋል። ቢሮው ኮሪደር ላይ እንዳይቆም ጥበቃው "አባት፣ መንገድ አይዝጉ" ይለዋል። ዘመድ ቤት እንዳይሄድ ዘመዱ ያለው ከተማው ጫፍ ላይ ነው፤ ባጃጁ የደርሶ መልስ ሒሳብ አለው። ያቺ ቦታ ግን አለችለት። እዚያ ምን ፈለግህ የሚለው የለም። ሒሳብ የሚያመጣበትም የለም። ከስድስት ተኩል በኋላ ቢሮዎቹ ለምሳ ሲዘጉ ሄዳችሁ እዩ። ዓርብ ዕለት ደግሞ ይብሳል፤ ለጁምዓ ሲባል የምሳው እረፍት ከአምስት ተኩል እስከ ሰባት ተኩል ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ባለጉዳዩ ሜዳ ላይ ነው። ለሰላት የሚሄደው ይሄዳል። የቀረው ፌስታሉን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ዛፍ ሥር ይቀመጣል።

ስለ ፌስታሉ ትንሽ ልበል። አንድ ቀን አንድ አዛውንት ከፌስታላቸው ውስጥ ሌላ ፌስታል ሲያወጡ አየሁ። ከሁለተኛው ውስጥ ደግሞ በጨርቅ የተጠቀለለ ወረቀት ወጣ። አጠገባቸው ለተቀመጠች ልጅ ሰጧትና "እናትዋ፣ እስቲ ይች ወረቀት ምን ትላለች?" አሏት። ልጅቱ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችላቸው። ደብዳቤው ጥያቄያቸው "ተገቢውን ሥርዓት ተከትሎ እንዲቀርብ" ያዛል። የትኛው ሥርዓት እንደሆነ ግን አይናገርም። ከወዲያ አንድ ሰውዬ ጆሮውን ጣል አድርጎ ኖሮ "ቁጥርና ቀን አለው ወይ?" አለ። አለው። "ግልባጩስ ለማን ነው?" ልጅቱ ከታች ፈልጋ ነገረችው። "እንግዲያማ አባባ፣ ኃላፊውን ምን ያስጠብቅዎታል? መጀመሪያ መዝገብ ቤት ገብተው ቁጥሯን ያሳዩ። ፋይልዎ ከወረዳ መምጣት አለመምጣቱን እዚያ ነው የሚነግሩዎ" አላቸው። ለካ እሱም በተመሳሳይ ጉዳይ ሲመላለስ የከረመ ሰው ነው። ሦስተኛው ደግሞ ፎቶ ኮፒ ሳያስቀሩ ዋናውን ለማንም እንዳይሰጡ አስጠነቀቃቸው። "አብሽሩ አባባ፣ ዛሬ ያልቃል" አለች ልጅቱ። ማለቁን እንጃ። ግን አዛውንቱ ከሰዓት ሲገቡ የትኛውን በር እንደሚያንኳኩ ያውቁ ነበር።

ጸሐፊው ሥራ ፈት የሚሏቸው እነዚህን ነው። በየቢሮው መግቢያ "የመረጃ ዴስክ" ተብሎ ተጽፏል። የምር መረጃ የሚገኘው ግን ያቺ ዛፍ ሥር ነው። ይህ የሚሆነው ደግሞ ቦታዋ ከቢሮዎቹ ደጃፍ ስለሆነች ብቻ ነው። ሁለት ኪሎ ሜትር አርቃችሁ ብትሠሯት ፌስታል የያዘ ሰው አይመጣባትም። እዚያ የሚመጣው የሠርግ ቪዲዮ የሚያስቀርጽ ሰው ነው።

እርግጥ ጉዳይ የሌለውም ይቀመጥባታል። ሥራ ያጣ ወጣት አለ። ከሰዓት በኋላ ጉንጩን ወጥሮ የሚመጣም አለ፤ አልክድም። ግን ወጣቱ ሥራ ያጣው መናፈሻ ስላለ አይደለም። ቦታዋ ብትታጠር ሥራ አያገኝም፤ የሕንፃው ደረጃ ላይ ይቀመጣል። ጫቱም ቢሆን መቃሚያ ቤት ሞልቶታል። የሣር ጥገኛ አይደለም።

ወደ ጸጥታው ልለፍ። ጸሐፊው ስለ ጌዚ ፓርክ ሲያነሡ አንዲት ትንሽ መናፈሻ አገር አመሰች ይላሉ። ታሪኩን ከመሃሉ ነው የጀመሩት። ጌዚ ፓርክ ኢስታንቡል ውስጥ ታክሲም አደባባይ አጠገብ ያለ መናፈሻ ነው። ድሮ በቦታው ላይ የኦቶማን ጦር ሰፈር ነበር። ሰፈሩ በ1940 እ.ኤ.አ. ፈረሰና ቦታው መናፈሻ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሰዎች ለሰባ ዓመት ያህል ዛፍ ሥር ተቀመጡበት፤ በመናፈሻው ሰበብ አገር አልታመሰም። በ2013 እ.ኤ.አ. መንግሥት የድሮውን ጦር ሰፈር መልሼ እገነባለሁ አለ። ውስጡ የገበያ ማዕከል ይሆናል ተባለ። በግንቦት መጨረሻ ዛፍ የሚነቅል ማሽን ገባ። መጀመሪያ የወጡት በአሥሮች የሚቆጠሩ ሰዎች ነበሩ። ድንኳን ተክለው ዛፉ ሥር አደሩ። ንጋት ላይ ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ይዞ መጣ፤ ድንኳናቸውም ተቃጠለ። ተቃውሞው አገር ያዳረሰው ከዚህ በኋላ ነው። ሰዎች ሞቱ፣ ሺዎች ቆሰሉ። በመጨረሻ የታሰበው ሕንፃ አልተሠራም። መናፈሻው ዛሬም አለ።

ታዲያ ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ምክር መናፈሻ አፍርሳችሁ ሕንፃ ሥሩ የሚል ነው? ጸሐፊው የጠሩት ምስክር የመሰከረው ለእኔ ነው።

ሌላም ልጨምርላቸው። ዋሽንግተን ላይ፣ ከዋይት ሐውስ ፊት ለፊት፣ ላፋዬት የሚባል መናፈሻ አለ። ሦስት ሄክታር አይሞላም። ከዚህ በላይ የፖለቲካ እምብርት የሚባል ቦታ የት ይገኛል? ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኑክሌር መሣሪያ የሚቃወሙ ሰዎች ለአሥርት ዓመታት ተፈራርቀው ተቀምጠውበታል። ፕሬዚዳንት መጣ፣ ፕሬዚዳንት ሄደ፣ እነሱ እዚያው ነበሩ። በ2020 እ.ኤ.አ. የጆርጅ ፍሎይድን ሞት ተከትሎ በተነሣው ተቃውሞ ሰሞን ቦታው ታጥሮ ነበር፤ በዓመቱ ተከፈተ። ለሊዝ ያወጣው ግን የለም።

እኛም አገር ቢሆን ሰላማዊ ስብሰባ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 የተፈቀደ ነው። ሥርዓቱን የሚያወጣው የ1983 ዓ.ም. አዋጅ ሰልፍ የሚጠራ ሰው ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ይላል። ሰልፍ መቆጣጠሪያው መንገድ ይኸው ነው። አዋጁ ላይ አግዳሚ ወንበር ይነቀል የሚል አንቀጽ የለም። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ጸሐፊው ለመናፈሻነት አትበቃም ያሏትን ቦታ፣ ሁለት አንቀጽ ወረድ ብለው ለአመፅ ትበቃለች ይላሉ። ወይ ትንሽ ናት ወይ ትልቅ ናት፤ አንዱን ይምረጡልን።

ትንሽነቷን በተመለከተ ብዙ አልከራከርም፤ ትንሽ ናት። ግን ትንሽ መሆን ነውር አይደለም። ኒውዮርክ መሃል፣ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎች መካከል፣ በ1967 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ፔሊ የሚባል መናፈሻ አለ። ስፋቱ 390 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። በእኛ ሒሳብ የሁለት ሰው የቤት መሥሪያ ቦታ በሉት። ጥቂት ዛፎች አሉት። ወዲያ ወዲህ የሚነሡ ወንበሮች አሉት። ከኋላ ግድግዳ ላይ የሚወርድ ውኃ አለ፤ ድምፁ የመኪናውን ጩኸት ይውጠዋል። ባለቤትነቱ የግል ነው፣ መግቢያው ነጻ ነው። ቦታው የወርቅ ዋጋ የሚያወጣበት ከተማ ነው፤ ግን እስካሁን አልሸጡትም።

የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ በበኩሉ አንድ የከተማ ነዋሪ ከቤቱ 300 ሜትር ባልራቀ ቦታ አረንጓዴ ስፍራ ቢያገኝ ይመክራል። ስፋቱ ቢያንስ ግማሽ ሄክታር ይሁን ይላል። የእኛዋ ያን አትሞላም። ታዲያ ያነሰን ነገር ጨርሶ ማጥፋት ምን የሚሉት መድኃኒት ነው? በራሳችን የከተማ ፕላን መመሪያም ቢሆን ከከተማው መሬት 30 በመቶው ለአረንጓዴና ክፍት ቦታ፣ 30 በመቶው ለመንገድና መሠረተ ልማት፣ 40 በመቶው ለሕንፃ ነው የተባለው። በደሴ መሃል በእግሩ የሄደ ሰው የትኛው ሠላሳ እንደጎደለ ለማወቅ ሜትር አያስፈልገውም።

አሁን የተስማማሁበት ላይ ደረስኩ። ቆሻሻ ናት። ጥጉ ላይ ሽንት ይሸታል። የሃይላንድ ጠርሙስና የጫት ገረባ ሣሩ ላይ ተበትኖ ያድራል። አግዳሚዎቹ ጣውላቸው ወልቆ ብረቱ ቀርቷል። ማታ መብራት የለም። ሴቶች ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ሊያልፉባት አይፈልጉም፤ እውነታቸውን ነው። ስለ ትንንሽ የከተማ ቦታዎች በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ በተደረገ ጥናት ላይ የወጣ አንድ ነገር አለ፤ ሴቶች በብዛት የሚቀመጡበት ቦታ ደህና ቦታ ነው፣ ሴቶች የሸሹት ቦታ አንድ ችግር አለበት። በዚህ ሚዛን የእኛዋ ጠዋት ታልፋለች፣ ማታ ትወድቃለች።

ግን ምን ይደረግ ነው ጥያቄው። ሽንት የሚሸተው ሽንት ቤት ስለሌለ ነው። ቀኑን ሙሉ ባለጉዳይ የሚያስጠብቅ ሰፈር ውስጥ ለሕዝብ የተከፈተ መጸዳጃ ከሌለ ሰው ጥግ ይፈልጋል። ቢሮዎቹ ውስጥ ያሉት "ለሠራተኞች ብቻ" ናቸው፤ ቁልፋቸውም ከአንዷ ጸሐፊ ቦርሳ አይወጣም። ሕንፃ ብትሠሩባት ሽንቱ የሕንፃው ጥግ ላይ ይሆናል። የሚያስፈልገው በጣም ቀላል ነገር ነው። መጸዳጃ ቤት ይሠራ፤ የተደራጁ ወጣቶች ትንሽ እያስከፈሉ ያስተዳድሩት። አራት መብራት ይተከል። ጠዋትና ማታ የሚያጸዳ ሰው ይቀጠር። አግዳሚዎቹ መደገፊያ ይኑራቸው፤ ከሩቅ የመጣ አዛውንት ወገቡን ያሳርፍ። "ሣር መርገጥ ክልክል ነው" የሚለው ታፔላ ደግሞ ይነሣ፤ ሣሩ እንደሆነ ከደረቀ ቆይቷል። ጥግ ላይ አንዲት ጀበና ቡና የምታፈላ ሴት ብትፈቀድላትማ ግማሹ ጥበቃ እሷ ናት። ከእሷ ዓይን የሚያመልጥ ሌባ የለም። በየከተማው የኮሪደር ልማት እየተባለ የእግረኛ መንገድ ሲሰፋና መቀመጫ ሲተከል እያየን ነው። ወንበር ያለበትን ነቅሎ ሌላ ቦታ ወንበር መትከል ግን ትርጉሙ አይገባኝም።

ሣር ላይ መቀመጥ የፈረንጅ ነው ላሉት መልስ መስጠት ራሱ ያሳፍራል። ይህን የጻፉት ወሎ ተቀምጠው ነው? በወሎ ሽምግልና የሚቀመጠው የት ነው? ዋርካ ሥር ነው። የደም ጉዳይ ሳይቀር በአበጋሮች፣ ማለትም በአስታራቂ ሽማግሌዎች፣ ፊት ሲታይ ሰው የሚሰበሰበው ዛፍ ጥላ ሥር፣ መሬት ላይ ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይቀመጣል፤ ዱአው ተደርጎ፣ ምርቃቱ ወርዶ፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ቢሮው፣ ማህተሙና መዝገቡ ኋላ የመጡ ናቸው። ይልቅ እንግዳ የሆነብን ተራ ሰው በር ላይ ቆሞ እንዲጠብቅ ማድረጉ ነው።

የከተማዋ ታሪክም እንዲሁ ነው። ንጉሥ ሚካኤል ደሴን መቀመጫቸው ሲያደርጉ የአይጠየፍን አዳራሽ አሠሩ፤ ግብር ሲጣል ሠራዊቱም ሕዝቡም የሚበላበት። በርግጥ ግብር ፖለቲካ ነበር፤ ንጉሡ በነጻ አላበሉም። ግን ሥልጣን ባለበት ቦታ ተራ ሰው የሚቀመጥበት ስፍራ መኖር እንዳለበት አልጠፋቸውም። ዛሬ ግብር አብሉን ያለ የለም። ወንበር ነው የተጠየቀው።

ሊዙ ላይ ጸሐፊው በጣም እርግጠኛ ናቸው። ቦታዋ ብትወጣ ብዙ ገንዘብ ታመጣለች፣ በገንዘቡ ውኃና መንገድ ይሠራል ይላሉ። ገንዘብ ታመጣለች፤ ልክ ነው። ግን እንዴት እንደምታመጣ እንይ። በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ መሠረት የጨረታ አሸናፊ መጀመሪያ የሚከፍለው ቢያንስ 10 በመቶ ነው። የቀረው በዓመታት ተከፋፍሎ ነው የሚገባው። የተሰጠው ቦታ ግን ቶሎ አይመለስም፤ ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ከተሞች ለንግድ የሚሰጥ መሬት ዘመኑ እስከ 70 ዓመት ይደርሳል። ከንቲባው ገንዘቡን በአንድ በጀት ዓመት ጨርሶት ይሄዳል። ዛሬ የተወለደ ልጅ አርጅቶ ጡረታውን ሊያስከብር ሲመጣ ሊዙ ገና አያልቅም፤ መቀመጫ ግን አያገኝም። ከዚያ ሁሉ ደግሞ በከተማችን የተጀመሩ ሕንፃዎች ስንቱ ብረታቸውን አቁመው እንደቀሩ ለማየት ቀና ማለት ይበቃል። መሬት ቸገረኝ የሚል ባለሀብት መጀመሪያ እነሱን ይጨርስ።

ክፍት ቦታ ለክፉ ቀን እንደሚሆንም መርሳት የለብንም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ከቆቦና ከወልድያ የተፈናቀለው ሕዝብ ደሴ ሲገባ የተቀበሉት ትምህርት ቤቶች ናቸው፤ ግቢና ሜዳ ስለነበራቸው ነው የቻሉት። አንዲት ቁራሽ መናፈሻ ያን ያህል ሰው ትይዛለች አልልም። ባዶ ቦታ ሁሉ ሥራ እንደፈታ ሀብት በሚታይበት ከተማ ግን ነገ ሜዳዎቹም ተራ ይደርሳቸዋል።

ጦሳን በተመለከተ አጭር ነኝ። ጦሳ ያምራል። ጠዋት ጉም ተከናንቦ ሲታይ እኔም እወደዋለሁ። ግን ከኩታበር የመጡ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት በምሳ ሰዓት ጦሳ ወጥተው አይመለሱም። ተራራ ይታያል እንጂ አይቀመጡበትም። ደግሞም የጦሳ ነገር ሌላ ጣጣ አለው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከሱ የሚወርደው ጎርፍ በከተማው መሃል አልፎ ነው ወደ ቦርከና ወንዝ የሚገባው። ደሴ ከፍታዋ 2,500 ሜትር ገደማ ነው፤ ተዳፋት ላይ የተቀመጠች፣ የመሬት መንሸራተትም የሚያሰጋት ከተማ ናት። አፈር ውኃ ይጠጣል፤ ሲሚንቶ አይጠጣም። እያንዳንዱን ክፍት ቦታ በሲሚንቶ ስንደፍነው የሚወርደው ውኃ የታችኛውን ሰፈር ሰው ቤት ያንኳኳል።

የቀረው አንድነት ፓርክ ነው። በ2012 ዓ.ም. በምኒልክ ቤተ መንግሥት ግቢ የተከፈተው ፓርክ ጥሩ ሥራ ነው። ሰው ለዘመናት በአጥር ሲያየው የኖረውን ግቢ ገብቶ እንዲያይ አደረገ። ሲከፈት መደበኛው መግቢያ 200 ብር፣ የቪአይፒው 1,000 ብር ነበር። ከልጆቼ ጋር በዓል ላይ ብሄድበት ደስ ይለኛል። ግን እሱ የሚጎበኝ ቦታ ነው። ትኬት ትቆርጣለህ፣ ትፈተሻለህ፣ ታያለህ፣ ፎቶ ትነሣለህ፣ ትወጣለህ። ቢሮ እስኪከፈት የሚጠብቅ ሰው እዚያ ምን ይሠራል? ሁለቱ ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ሥራቸው ለየቅል ነው። ደሴ ሰፊ ፓርክ ይሠራላት ከተባለ እኔም እጄን አወጣለሁ፤ ይሠራላት። ያ እንዲሠራ ይቺ ትፍረስ የሚለው ግን ከየት መጣ? አንዱ ለእሑድ ነው፣ አንዷ ለማክሰኞ።

ጸሐፊው እንደሚመልሱልኝ አውቃለሁ፤ ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም። ሲመልሱ አንድ ነገር ይዘው እንዲመጡ እለምናለሁ። በሐሳባቸው ያቆሙት ሕንፃ ምድር ቤቱ ባንክ፣ አንደኛ ፎቁ ካፌ፣ ከዚያ በላይ ቢሮ እንደሚሆን ጽፈዋል። ባንኩ ወረፋ ለያዘ ደንበኛ ወንበር አለው። ካፌው ለከፋይ ወንበር አለው። ቢሮው ለሠራተኛ ወንበር አለው። ከመካነ ሰላም ለመጣው ባለፌስታል ስንት ወንበር እንዳሰቡለት፣ የትኛው ፎቅ ላይ እንደሆነና በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ይጻፉልን።